በጽጌ የሚመጣ ሕመም

ነገሬ ጥርስ ነቃይ ነበር። ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቁልቁል ወደ ኮልፌ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ አንድ አሮጌ ወይራ ሥር፣ ረቡዕና ቅዳሜ ዱካውን አውጥቶ ይቀመጣል። ጉጠቱን የወረሰው ከአባቱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ጉጠት የኮልፌንና የቀራንዮን ሰው፣ አልፎ አልፎም ከሰበታና ከሆለታ የሚመጣውን መንጋጋ ሲነቅል ኖሯል። እጁ ፈጣን ነው ይባልለታል። አንዳንዱ "ጀመርክ እንዴ?" ብሎ ሊጠይቅ ሲል ጥርሱን ነገሬ መዳፍ ላይ ተቀምጦ ያየዋል።

ሥራው ብዙ ማሰብ የሚጠይቅ አይመስለውም ነበር። ሰው ጉንጩን ይዞ ይመጣል፣ የሚያመውን በጣቱ ያሳያል፣ ነገሬ ይነቅላል፣ ሰውየው በጨው ውሃ ተጉመጥምጦ ይሄዳል። ጥርስ የሚያመው ትል ሲገባበት ነው፤ ይህን አባቱም ያውቅ ነበር፣ የታመመውም ያውቃል። የተነቀለው ጥርስ ላይ ጥቁር ቀዳዳ ካለ ነገሬ "ይኸው ቤቱ" ብሎ ያሳያል። ቀዳዳ ከሌለው ደግሞ "አመለጠ፣ ስነቅለው ሮጠ" ይልና ጥርሱን ከኋላው ወዳለው ቁጥቋጦ ይወረውረዋል። ይህንንም የተማረው ከአባቱ ነው። ውሸት ነው ብሎ አስቦበት አያውቅም፤ የሥራው ወግ ነው።

በጥቅምት 1932 ዓ.ም.፣ ጣልያን ከተማውን በያዘ በአራተኛው ዓመት፣ አንድ ረቡዕ ጧት ወለተጻድቅ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ስትመጣ ግን ነገሬ ገና ከሩቅ ሲያያት ቅር አለው።

ወለተጻድቅ ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጠን ያለች፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ሴት ናት። ወላጆቿ ከጎጃም መጥተው ቀራንዮ የሰፈሩ ናቸው። ባሏ አምሐ በየካቲት 1929፣ ከተማው በነደደ ሰሞን፣ ከሁለት ጎረቤቶቹ ጋር የአምቦን መንገድ ይዞ ጫካ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ይኑር ይሙት የሚያውቅ አልተገኘም። ብቻዋን የቀረችው ሴት በተከታዩ ጥቅምት ጣልያን ለጭነት በቅሎዎቹ ባሠራው ማደሪያ ተቀጥራ ድርቆሽ ማጨድና መሸከም ጀመረች። እዚያ የሚሠራ ሰው ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱን የያዘችን ሴት የጣልያን ቅጥር ወታደር የሆነ አስካሪ መንገድ ላይ አያስቆማትም፣ ቤቷም ቶሎ ቶሎ አይፈተሽም። ባሏ የት እንዳለ ለምትጠየቅ ሴት ያ ወረቀት ቀላል ነገር አልነበረም።

"ጋሽ ነገሬ፣ ዘንድሮም መጣሁብዎት" አለች። አፍንጫዋ ከመደፈኑ የተነሳ "መጣሁ" ያለችው "በጣሁ" ይመስል ነበር።

"ቁጭ በይ እስቲ። የትኛው ነው?"

አፏን ከፍታ ወደ ቀኝ የላይ መንጋጋዋ ጠቆመች። "ይሄኛው። ወይም ቀጥሎ ያለው። ሁሉም መሰለኝ።"

ነገሬ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙሮ አየ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ምላሷ እንደ ቆዳ ደርቋል። ከፊት ጥርሶቿ በላይ ያለው ድድ ቀልቶና አብጦ ያብረቀርቃል፣ ጣቱን ሲያሳርፍበት ደማ። የሚያማት መንጋጋ ግን ንጹሕ ነው። በጉጠቱ እጀታ ቀስ ብሎ አንዱን መታ፣ ቀጥሎ ያለውን መታ፣ ሦስተኛውንም መታ። ሦስቱም ላይ እኩል ፊቷን አጨማደደች።

በግራ በኩል ሁለት ክፍት ቦታ አለ። ሁለቱንም የነቀለው እሱ ነው፤ አንዱን ካቻምና፣ አንዱን አምና። የአምናው ጥርስ ትዝ አለው። ረጅም ሥር ነበረው፣ ከሥሩ እስከ ጫፉ እንደ እሸት በቆሎ ነጭ። "አመለጠ" ብሎ ወርውሮት ነበር።

"አምና የመጣሽው መቼ ነበር?"

"በጽጌ።"

"ካቻምናስ?"

"በጽጌ ነዋ። ምን ያደርግልዎታል? ይንቀሉልኝና ልሂድ፤ ካፖው ይጠብቀኛል።" ካፖ የሚሉት የድርቆሽ ሠራተኞቹን ጣልያን አለቃ ነው።

"በሁዳዴስ፣ በክረምትስ አሞሽ ያውቃል?"

"የለም። አበባው ሲፈካ ነው የሚጀምረኝ።" በመዳፏ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገች። "አምና ደግሞ ከነቀሉልኝ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ውሃ ስጠጣ በአፍንጫዬ ይወጣ ነበር። አልነገርኩዎትም እንጂ።"

ነገሬ ይህን ሲሰማ እጁ ላይ ያለው ጉጠት ከበደው። እንዲህ ያለ ነገር ከሌሎች ሰዎችም ሰምቶ ያውቃል፤ ሁልጊዜ የላይ መንጋጋ የተነቀለላቸው ናቸው። ሰምቶ ያልፈው ነበር እንጂ ምን ማለት እንደሆነ አስቦበት አያውቅም። አሁን ግን የሴትዮዋን የተደፈነ አፍንጫና እነዚያን ነጫጭ ሥሮች አንድ ላይ አሰባቸውና ጉጠቱን ጨርቁ ላይ መልሶ አስቀመጠ።

"ዛሬ አልነቅልም" አለ።

"ምን አሉ?"

"ጥቂት ቀን ታገሺኝ። ልይበት።"

ወለተጻድቅ ከዱካው ተነሣች። ዓይኗ እንባ ያቀረረ ነበር፤ ከሕመሙ ይሁን ከንዴቱ አይለይም። "ሁለት ዓመት ሲነቅሉ ልይበት አላሉም። ዘንድሮ ነው ሊያዩበት የመጡት?" አለች። ሁለት እርምጃ ከሄደች በኋላ ዘወር ብላ፣ "ይንቀሉት ስልዎት ይንቀሉት! የሚገባኝ ነው" ብላ ቁልቁል ወረደች።

ነገሬ "የሚገባኝ ነው" ያለችው አልገባውም። ቀኑን ሙሉ ሲያሰላስለው ዋለ። ሌላ ሰው መጣ፣ የበሰበሰ ጥርስ ነቀለለት፣ ሰውየው መርቆት ሄደ። ምርቃቱ ግን እንደ ወትሮው ደስ አላሰኘውም።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ዱሬቲ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። የሆነውን ነገራት። ዱሬቲ በበኩር ልጃቸው ስም "አባ ደሜ" ነው የምትለው።

"አባ ደሜ፣ ይቺ የምትላት ሴት አክስቴን ትመስላለች" አለች ከምስሩ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ። "ሆለታ የነበረችው። ሣሩ ማበብ ሲጀምር አፍንጫዋ ይደፈናል፣ ዓይኗ ያለቅሳል። የማያውቃት ሰው ሐዘን ላይ ያለች መስሎት እግዚአብሔር ያጽናሽ ይላት ነበር። አፏን ከፍታ ነው የምታድረው። ጧት ስትነሣ 'ጥርሴን፣ ጥርሴን' ትላለች።"

"ታዲያ ጥርሷ?"

"እስክትሞት ሙሉ ነበር።"

"እንዴት?"

"ነቃይ ትፈራ ነበራ" አለች ዱሬቲ፤ ራሷም ያለችው ነገር አሳቃት። "ኅዳር አጋማሽ ሲሆን፣ ሣሩ ታጭዶ ሲያልቅ ይለቃታል። እንደገና ለዓመቱ።"

ነገሬ ግን አልሳቀም። "ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ነግረሽኝ አታውቂም?"

"ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? አንተ ሰው ስትጠይቅ የማውቀው የትኛው ነው የሚያምህ ብለህ ብቻ ነው።"

በማግስቱ ነገሬ ዱላውን ይዞ ወደ ድርቆሹ ሜዳ ወጣ።

ሜዳው ከኮልፌ በስተምዕራብ ነው። ሣሩ ወገብ ይደርሳል፣ ራሱ ላይ ያለው አበባ ነፋስ በነካው ቁጥር እንደ ዱቄት ይቦናል። ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ተሰልፈው ያጭዳሉ። ከኋላ ያሉት ቀደም ብሎ የታጨደውንና የደረቀውን እየሰበሰቡ በገመድ ያስሩታል፣ በጀርባቸውም ተሸክመው ወደ ማደሪያው ይሄዳሉ። ነገሬ ጠርዝ ላይ ካለ ድንጋይ ተቀምጦ ወለተጻድቅን ፈለጋት። ለማግኘት አላስቸገረውም። ከሩቅ ስታስነጥስ ይሰማ ነበር፤ አንዴ ሲቆጥርላት ዘጠኝ ደረሰ።

ብዙ ሰዓት አያት። ቀጥ ብላ ስትሄድ ደህና ናት። ሸክሙን ለማንሣት ስታጎነብስ ግን እጇ ወዲያው ወደ ጉንጯ ይሄዳል፣ ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ቀና እስክትል ፊቷ ይጠቁራል። የበሰበሰ ጥርስ እንዲህ አያደርግም። የበሰበሰ ጥርስ ቁጭ ብለህም ያምሃል፣ ተኝተህም ያምሃል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ያስጮህሃል። ማጎንበስና ቀና ማለት አይለይም።

እረፍት ሲሆን ሴቶቹ አንድ ቅል ውሃ እየተቀባበሉ ጠጡ። ወለተጻድቅ ጋ ሲደርስ በእጇ ገፋ አደረገችው። የጽጌን ጾም ትጾማለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ባፏ አይዞርም። አፍንጫዋ ተደፍኖ ቀኑን ሙሉ በአፏ ትተነፍሳለች፤ ያ የሚቦን አቧራና የፀሐዩ ሙቀት በዚያው በተከፈተ አፏ ይገባል። ነገሬ ያ የደረቀ ምላስና ያ የደማ ድድ ከየት እንደመጣ ያን ጊዜ ገባው።

ሌላም ነገር አየ። ከማደሪያው በር በርከት ያሉ በቅሎዎች ሳጥን ተጭነው ወጡና የአምቦን መንገድ ያዙ። ወለተጻድቅ ሥራዋን አቁማ ቆመች። የመጨረሻዋ በቅሎ ከኮረብታው ጀርባ እስክትሰወር ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። ካፖው ሲጮህባት ነው የነቃችው።

ቅዳሜ ገና ሰው ሳይመጣ ወይራው ሥር ደረሰች። ቀኝ ጉንጯ ከዓይኗ ሥር አብጧል። እንቅልፍ እንዳልተኛች ያስታውቃል።

"ዛሬ ካልነቀሉልኝ በድንጋይ እሰብረዋለሁ" አለች፤ በቀልድ አልነበረም።

"እንነቅለዋለን፤ ከመንቀሌ በፊት ግን አንድ ነገር ልሞክር። ካልሆነ በእጄ እነቅልልሻለሁ፣ ቃሌ ነው።"

ቤቱ ይዟት ሄደ። ዱሬቲ ነገሩን ከረቡዕ ጀምሮ ታውቃለችና የባሕር ዛፍ ቅጠል በትልቅ ማሰሮ አፍልታ ቆየች። ነገሬ ወለተጻድቅን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ "ራስሽን ወደ ጉልበትሽ ዝቅ አድርጊ" አላት። ዝቅ ስትል ጮኸች። "ምን ሆነ?" "ድንጋይ ጉንጬ ውስጥ የወደቀ መሰለኝ።" "ቀና በይ።" ቀና አለች። "አሁንስ?" "ቀለል አለኝ።"

"ይሄ ጥርስ አይደለም" አለ ነገሬ፤ ለሷ ይሁን ለራሱ ሳይለይ።

ዱሬቲ ማሰሮውን ከፊቷ አስቀመጠችና ጋቢ ከላይ ደረበችባት። ከጋቢው ሥር መጀመሪያ ሳል ተሰማ፣ ቀጥሎ ማስነጠስ፣ ቀጥሎ ዝምታ። ውሃው ሲበርድ ዱሬቲ ሌላ ትጨምራለች። እንዲህ እያሉ ቆዩ፤ ፀሐይዋ ከአጥሩ በላይ ሆነች። ከዚያ ወለተጻድቅ በድንገት ጋቢውን ገፍፋ ተነሣችና ወደ ጓሮ ሮጠች። አፍንጫዋን ስትናፈጥ ከቤት ውስጥ ይሰማ ነበር። የተጠራቀመው ሁሉ ወጣ። ስትመለስ ፊቷ ቀልቷል፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ ግን አፏ ተዘግቶ ነበር። በአፍንጫዋ ትተነፍሳለች።

"ጥርስሽስ?" አላት ነገሬ።

በምላሷ ነካካችው። በጣቷ ጫን አለችው። "አለ። ግን ሩቅ ሄዷል።"

ነገሬ ከተቀመጠበት ፈቀቅ ብሎ የገባውን ያህል ነገራት። "የላይኛው መንጋጋ ሥርና የአፍንጫ ቤት ጎረቤታሞች ናቸው፤ ግድግዳቸው ስስ ነው። አምና ስነቅልልሽ ግድግዳውን ነው የበሳሁት፤ ውሃው በአፍንጫሽ የወጣው ለዚያ ነው። አበባውና አቧራው አፍንጫሽን ሲደፍነው ውስጥ የሚጠራቀመው ሥሩን ይጫነዋል። አንቺ ጥርሴን ትያለሽ፣ ጥርሱ ግን ምንም አልሆነም። አፍሽ ደግሞ ተከፍቶ ስለሚውልና ስለሚያድር ምራቅ አጥቶ ደርቋል፣ ድድሽን የሚያደማው እሱ ነው።"

ሲጨርስ ወለተጻድቅ፣ "ቅጣት አይደለም ማለት ነው?" አለች።

"የምን ቅጣት?"

ወደ ዱሬቲ አየች፤ እዚያ ቤት ውስጥ የሚጠላትን ሰው የምትፈልግ ይመስል ነበር። አላገኘችም። "ያ የምሸከመው ድርቆሽ በቅሎዎቹን ያጠግባል። በቅሎዎቹ ጥይት ጭነው በአምቦ መንገድ ይሄዳሉ። አምሐ የሄደው በዚያ ነው" አለች። "መጀመሪያ የታመምኩት ድርቆሹን በጀመርኩበት ወር ነው፣ ያውም በእመቤታችን የጽጌ ጾም። ሲነቅሉልኝ ይሻለኛል። ለዓመቱ ስሸከም ይመለሳል። ታዲያ ምን ልበል? ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ጥርስ እየከፈልኩ ነው አልኩ። ሲያልቅ ነገሩም ያልቃል አልኩ።"

ዱሬቲ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ነገሬ የሚያጽናና ነገር ቢያገኝ በወደደ ነበር። "እኔ የማውቀው ጥርስ ነው" አላት። "ሕመሙ ከድርቆሹ ነው፤ እሱ እውነት ነው። ግን አቧራው ነው ያመመሽ። አቧራ ደግሞ ድርቆሹን የማን በቅሎ እንደሚበላው አይጠይቅም። የቀረውን አላውቅም፤ እሱን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ።"

እዚህ ላይ ቢያቆም ይችል ነበር። ለሴትዮዋ ቀሎላታል፣ ሊመሰገን ነው። እሷም ጋቢውን አጣጥፋ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ነገሬ። የዚህኛውን ትል ያለ ጉጠት ገደሉልኝ" አለችው። ያቺ ቃል ነች ልቡን የወጋችው። ሁለት ጥርስ አጥታ እያመሰገነችው ነው፤ ያመሰገነችው ደግሞ እሱ በነገራት ውሸት ነው።

"ወለተጻድቅ፣ ቁጭ በይ። አንድ ነገር ልንገርሽ" አላት። "ካቻምናና አምና በነቀልኩልሽ መንጋጋ ላይ ትል አልነበረም።"

"አመለጠ አላሉኝም?"

"አላመለጠም፤ አልነበረም። ሁለቱም ጤነኛ ነበሩ። ቀዳዳ እንኳ አልነበራቸውም። አይቼ ነው ዝም ያልኩት።"

"ታዲያ ለምን ሻለኝ?"

"ጽጌው አለፈ። ሣሩ ታጨደ። ባልነቅለውም ይሻልሽ ነበር።"

ወለተጻድቅ በምላሷ የግራ ጉንጯን ከውስጥ ስትገፋው ነገሬ አየ፤ ክፍት ቦታዎቹን እየዳሰሰች ነበር። "የት ጣሏቸው?" አለች።

"ከወይራው ጀርባ፣ ቁጥቋጦው ውስጥ።"

ራሷን ነቀነቀች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ዱሬቲን ስማ ወጣች። ለነገሬ እጅ አልነሳችም።

"ምን አስቸኮለህ?" አለችው ዱሬቲ። "ዛሬ ተሻላት፤ ይህን ሌላ ቀን አትነግራትም ነበር?"

"ሌላ ቀን አልነግራትማ" አለ ነገሬ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገሬ የሰማው ከዱሬቲ ነው። ወለተጻድቅ ለንስሐ አባቷ ነገሩን ሁሉ ተናገረች። ቄሱ ለታመመ ሰው ውሃ እንደማይከለከል ነግረዋት፣ ጾሟን በሌላ ነገር እንድትፈጽም አዘዟት። ስለ ድርቆሹ ያሏትን ግን ለማንም አልተናገረችም። ሰኞ ማለዳ ጉንጯ እንዳበጠ፣ ዓይኗ እያለቀሰ፣ ካፖው ፊት ቆማ ደጋግማ አስነጠሰች። ካፖው ወደ ኋላ ሸሸ፤ ተላላፊ በሽታ መስሎት ነው ይላሉ። ወረቀቷን ተቀብሎ ከሜዳው አባረራት።

ያለ ወረቀት ኑሮው ቀላል አልነበረም። በዋናው መንገድ ማለፍ ስለምትፈራ ገበያ ለመድረስ በወንዙ በኩል ትዞራለች። በኅዳር ቤቷን ሁለት ጊዜ ፈተሹባት፤ አንዱ አስካሪ የጓዳ እህሏን ደፍቶባት ሄደ። ጥጥ እየፈተለች ነበር የምትኖረው። ካፖው ፊት ሆን ብላ አስነጥሳ ሥራውን የተወችው ለአፍንጫዋ ይሁን ወይስ ለበቅሎዎቹ፣ ነገሬ ሊጠይቃት አልደፈረም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ታቀረቅራለች። ዱሬቲ ዘንድ ግን ትመጣለች፤ ማታ ማታ በጨው ውሃ እንድትጉመጠመጥ፣ ጧት በወይራ መፋቂያ ድዷን ቀስ ብላ እንድታሽ ዱሬቲ የመከረቻትን ሁሉ ታደርጋለች። ለገና ድዷ መድማቱን ተወ።

የነገሬም ሥራ ዘገመ። ጥርስ ሊያስነቅል የመጣን ሰው ብዙ ይጠይቃል፤ መቼ ጀመረህ፣ ስታጎነብስ እንዴት ነው፣ አፍንጫህስ፣ አፍህን ከፍተህ ነው ወይ የምትተኛው ይላል። አንዳንዱ "ነገሬ አርጅቷል፣ እጁ ፈርቷል" እያለ ሌላ ነቃይ ጋ ሄደ። የነቀለውን ጥርስ ደግሞ አጥቦ ለባለቤቱ መስጠት ጀመረ። አንዴ በእርግጥ ተሳስቶ ጤነኛ ጥርስ ነቅሎ፣ "ተሳስቻለሁ" አለ። ሰውየው ሰድቦት ሄደ። ነገሬ ስድቡን ተቀበለ።

በጥር አንድ ነጋዴ ከጅባት በኩል ሲመጣ ለወለተጻድቅ መልእክት አደረሰ። አምሐ በሕይወት አለ፣ እግሩን ቆስሎ ድኗል። በዚያን ቀን ወለተጻድቅ ወይራው ሥር መጥታ፣ ነገሬ ሰው እያየ ሳለ፣ "ጋሽ ነገሬ፣ እንደምን ዋሉ" አለችው። እሱም "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ" አለ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታቸው አልተቋረጠም።

ጥቅምት 1933 ገባ፣ ጽጌው ሆነ። ወለተጻድቅ አፍንጫዋ እንደ ወትሮው ተደፈነ፤ ግን አሁን ታውቀዋለች። ጧትና ማታ ትታጠናለች፣ ሜዳ ማለፍ ሲኖርባት አፍንጫዋን በረጠበ ጨርቅ ታስራለች። ጥርሷ ሲከብዳት "መጣ" ትላለች እንጂ አትደነግጥም።

አንድ ረቡዕ አልፊያ የምትባል ጎረቤቷን ይዛ ነገሬ ዘንድ መጣች። አልፊያ አሁንም ድርቆሹን የምትሸከም ወጣት ናት። አፍንጫዋ ይፈሳል፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ የላይ መንጋጋዋን ይዛ ታቃስታለች። ነገሬ ገና ሳያያት አወቅኩት አለ በልቡ። ወለተጻድቅም ፊቷ ላይ ያው ሐሳብ ይነበብ ነበር።

"አጎንብሺ እስቲ" አላት።

አልፊያ አጎነበሰች፣ ቀና አለች። "ባሰብሽ?" አላት ነገሬ።

"ያው ነው ጋሼ። ሳጎነብስም ስቆምም ያው ነው።"

ነገሬ ተገረመ። በጉጠቱ እጀታ አንድ በአንድ መታ መታ አደረገ። የመጀመሪያው ላይ ዝም አለች። ሁለተኛው ላይም ዝም አለች። ሦስተኛው ላይ ከዱካው ዘልላ ልትወድቅ ነበር። ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙሮ ረጅም ጊዜ አየ። በሁለት መንጋጋ መካከል የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አገኘ።

"ይሄ ይነቀላል" አለ።

"እርግጠኛ ነዎት?" አለች ወለተጻድቅ፣ ድምፅዋ ቆጣ ብሎ።

"ነዪና እዪው።"

መጥታ አጎንብሳ አየች። ጥቁሩን ነጥብ እስክታገኘው ጊዜ ወሰደባት። ስታገኘው ቀና ብላ ወደ አልፊያ ኋላ ዞረችና የልጅቷን ራስ በሁለት እጇ ይዛ ደረቷ ላይ አስደገፈችው። "ዓይንሽን ጨፍኚ" አለቻት። "እሳቸው ካሉ ነው።"

ነገሬ ነቀለ። ጥርሱን በውሃ አጥቦ አልፊያ መዳፍ ላይ አኖረላት። ከጎኑ ጠልቆ የገባ ጥቁር ቀዳዳ ነበረው። አልፊያ አገላብጣ አየችውና ደም የነካውን ከንፈሯን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገች። ወዲያው አስነጠሳት፣ ደግሞም አስነጠሳት።

"እና ይሄስ ማስነጠሱ?" አለች፣ እንደ ምንም ብላ።

"ለእሱ ቤት ግቢ" አላት ነገሬ። "ዱሬቲ ውሃ ትጥድልሻለች።"